19.4 ሚሊዮን ዶላር የቀረበበት የስካውቶች ሐይቅ ለምን ሳይሸጥ ቀረ?

ገዢና ሻጭ በዋጋ ተስማምተው ሽያጩ ሳይፈጸም ሲቀር ነጋዴ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ገንዘቡን ነው። ወይ ባንኩ እምቢ ብሏል፣ ወይ ገዢው አቅሙን ሳይመዝን ተጫርቷል ይባላል። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በሚገኘው ኦዋሲፒ በተባለው የስካውቶች ካምፕ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የካምፑ ባለቤት የነበረው የቺካጎ አካባቢ የስካውት ካውንስል ለመሸጥ ወስኗል። ቤት እየሠራ የሚሸጥ አንድ የሚሺጋን ባለሀብትም 19.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ውሉን ከንቱ ያደረገው ሦስተኛ ወገን ሲሆን፣ እርሱም በመሬቱ ላይ አንዲት ስንዝር ድርሻ የሌለው የአካባቢው አስተዳደር ነው። ጊዜው የ2000ዎቹ አጋማሽ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተቆረጠውን ዋጋ ለሚያሰላ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ካምፑ 4 ሺህ 800 ኤከር ያህል ስፋት አለው። በሄክታር ሲመነዘር ከ1 ሺህ 900 በላይ፣ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ደግሞ ወደ 48 ጋሻ ይጠጋል። 19.4 ሚሊዮኑ ለዚህ ስፋት ሲካፈል አንድ ካሬ ሜትር በአንድ ዶላር ተሸጠ ማለት ነው። ሐይቅ፣ የጥድ ደን፣ የጀልባ መድረክና የምግብ አዳራሽ ሁሉ ተጨምሮበት! ይህ ርካሽ የሚመስል ዋጋ ግን ለሻጩ ካውንስል በአንድ ጊዜ የሚገባ ከፍተኛ ገንዘብ ነበር። ለገዢውም ቢሆን መሬቱን ሸንሽኖ የሐይቅ ዳር ቤት እስኪያደርገው ድረስ የቆየ ትርፍ ነበር።

ግንዱ ያለቀበት መሬት

ቺካጎ የሚሺጋን ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ኦዋሲፒ ደግሞ በስተ ምሥራቅ ነው። ሁለቱን ያስተዋወቃቸው ስካውት ሳይሆን ጣውላ ነው። በጥቅምት 1871 ቺካጎ በእሳት ስትጋይ፣ ከተማዋ እንደገና የቆመችው በአብዛኛው ከሚሺጋን በተቆረጠ ነጭ ጥድ ነበር። ግንዱ በወንዝ እየተንሳፈፈ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ይወርዳል፤ እዚያ ባሉት መሰንጠቂያዎች ጣውላ ይሆናል፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ቺካጎ ይሻገራል። ከካምፑ በስተ ደቡብ ያለችው የመስኪገን ከተማ በዚያ ዘመን «የዓለም የጣውላ ንግሥት» እስከ መባል ደርሳ ነበር።

እንዲህ ያለ ንግድ መጨረሻው የታወቀ ነው። ግንዱ ሲያልቅ መሰንጠቂያው ይዘጋል፤ ነጋዴው ማሽኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። የቀረው መሬት አሸዋማ በመሆኑ ለእርሻም እምብዛም የሚመች አልነበረም። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ በዚያ አካባቢ የነበረው ሀብት ጉቶ፣ ቁጥቋጦና ማንም የማይሻማቸው ጥርት ያሉ ትናንሽ ሐይቆች ነበሩ።

በዚሁ ጊዜ የስካውት እንቅስቃሴ በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ቤደን ፓወል የተባሉት ጄኔራል በነሐሴ 1907 ሃያ ያህል ልጆችን ብራውንሲ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ወስደው በድንኳን በማሳደር ሐሳባቸውን ሞከሩ። ስካውት ገና ከጅምሩ ውኃ ዳር ነበር ማለት ነው። ወደ አሜሪካ ያመጡት ደግሞ የቺካጎው ጋዜጣ አሳታሚ ሚስተር ዊሊያም ቦይስ ናቸው። እንደሚተረከው በ1909 ለንደን ውስጥ ጭጋግ መንገድ አስቷቸው ሳለ አንድ ልጅ መርቶ ካደረሳቸው በኋላ ጉርሻ ቢሰጡት «ስካውት ስለሆንኩ አልቀበልም» አላቸው። ታሪኩ በአፍ ሲዞር ሳያብብ አልቀረም፤ ሆኖም ሚስተር ቦይስ በየካቲት 1910 የአሜሪካ ቦይ ስካውትን በሕግ ማስመዝገባቸው የተረጋገጠ ነው። ገንዘብ ማግኘት የሚያውቁ ነጋዴ፣ ገንዘብ አልቀበልም ባለ ልጅ ምክንያት ድርጅት ማቋቋማቸው የሚያስፈግግ ነው።

የቺካጎ ስካውቶች ቦታ ፍለጋ ብዙ አልቆዩም። በ1911 በዋይትሆል ከተማ አቅራቢያ ባለው ርካሽ መሬት ላይ ካምፑን መሠረቱ። ኦዋሲፒ በአሜሪካ ሳይቋረጡ ከሠሩት የስካውት ካምፖች ሁሉ አንጋፋው ነው የሚባለውም ከዚህ ዓመት ተነሥቶ ነው። ስሙን ያገኘው የአካባቢው ነባር ሕዝብ አለቃ ነበሩ ከሚባሉ ሰው ነው። በምሽት እሳት ዳር ለልጆች የሚነገረው ተረት፣ አለቃው በታንኳ ርቀው የሄዱ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ከአንድ ጥድ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ መሞታቸውን ይተርካል። እናቱን ናፍቆ ለሚያድር የከተማ ልጅ ይህን ተረት ማን እንደመረጠለት አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የሚያስፈልገው፣ ካምፑ ሲመሠረት የቦታው ዋጋ የአሸዋና የጉቶ ዋጋ እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠና ምናምን ዓመታት ጥዱ እንደገና በቀለ። የሐይቁ ዳርቻ ያለ ቤት፣ ያለ አጥርና ያለ ሞተር ጀልባ ሁካታ ቆየ። ባለሀብቱ በሚሊዮን ሊገዛ የመጣው ይህንኑ ጸጥታ ነው። ጸጥታውን ያመረተው ደግሞ ካምፑ ራሱ ሲሆን፣ ያመረተውም ሌሎች ቤት ሲሠሩ እርሱ ባለመሥራቱ ነው።

ውኃው ዳር ያለው ንብረት

ኦዋሲፒ በአንድ አጥር ውስጥ ያለ አንድ ካምፕ አይደለም፤ በርካታ ካምፖች የተሰባሰቡበት ይዞታ ነው። በተለያዩ ዘመናት በየሐይቁ ዳር ልዩ ልዩ ስም የወጣላቸው ካምፖች ተከፍተዋል፤ ብዙዎቹም ከጊዜ በኋላ ተዘግተዋል። ከቀሩት ውስጥ ብላክሆክ በቢግ ብሉ፣ ማለትም በትልቁ ሰማያዊ ሐይቅ ዳር ነው። ዎልቨሪን ደግሞ ስሙን ከሚጋራው ሐይቅ ዳር ይገኛል። ረኔከር የሚባለው ለቤተሰብ የተለየ ሲሆን፣ የስካውት መሪ የሆነ አባት ልጆቹን ሲያሠለጥን ባለቤቱና ትናንሾቹ በጎጆ ቤት የሚያርፉበት ነው። ፈረስ ግልቢያ የሚማሩበት ዳይመንድ ኦ የተባለ የፈረስ በረትም አለው።

የልጆቹ ማደሪያ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ወለል ላይ የተተከለ ወፍራም የሸራ ድንኳን ነው። ሁለት ታጣፊ አልጋ ይይዛል። ከድንኳኑ ራቅ ብሎ መጸዳጃና የገላ መታጠቢያ፣ ከዚያም የምግብ አዳራሽ፣ የሕክምና ክፍል፣ የቀስትና የጠመንጃ ዒላማ መለማመጃ፣ ከረሜላና ቢላዋ ሳይቀር የሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። ሱቁን መናቅ አይገባም። በእንዲህ ያለ ካምፕ ወላጅ ለኪስ የሰጠው ገንዘብ ከአንድ ሳምንት በላይ ሳይቆይ ወደ ካምፑ ካዝና የሚገባው በዚሁ መስኮት ነው።

ዋናው ንብረት ግን የሐይቁ ዳርቻ ነው። ውኃው በመንሳፈፊያ በተያዘ ገመድ በሦስት ይከፈላል። ዋና የማይችለው ልጅ እስከ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ይቆያል። ጀማሪው ከቁመቱ ጥቂት እስከሚያልፈው ይፈቀድለታል። ዋናተኛ የተባለው ደግሞ እስከ ሦስት ሜትር ተኩል ግድም መግባት ይችላል። ማን የት እንደሚገባ የሚወሰነው ልጁ በተናገረው ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን በሚሰጠው ፈተና ነው። ልጁ ከቁመቱ በሚበልጥ ውኃ ዘልሎ ይገባል፤ ስድሳ ዘጠኝ ሜትር ያህል በኃይል ይዋኛል፤ ቀጥሎ ሃያ ሦስት ሜትር ያህል በጀርባው ተንጋልሎ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሳይንቀሳቀስ ይንሳፈፋል። ያለፈው ልጅ በክብ ካርዱ ላይ የደረጃው ቀለም ይቀባለታል።

ካርዱ ከውኃው ዳር ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል። ማንም ልጅ ብቻውን አይገባም፤ ጓደኛ ሊኖረው ግድ ነው። በየአሥር ደቂቃው ገደማ ፊሽካ ሲነፋ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ ያነሣሉ። ጠባቂዎቹ ጥንዶቹን ቆጥረው ሰሌዳው ላይ ካለው ካርድ ጋር ያመሳክራሉ። ቁጥሩ ካልገጠመ ፍለጋ ይጀመራል። ለአሥር ዋናተኛ ቢያንስ አንድ ነፍስ አዳኝ ጠባቂ መቆም አለበት፤ የዳርቻው ኃላፊም ዕድሜው ከሃያ አንድ ያላነሰና ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ መሆን ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ለአንባቢ የልጆች ነገር ሊመስለው ይችላል። ሒሳብ ለሚይዝ ሰው ግን እያንዳንዱ ደንብ ደመወዝ ነው። አሥር ልጅ ሲጨመር አንድ ጠባቂ ይቀጠራል። ልጅ ቢጎድል ግን ኃላፊው፣ ሐኪሙና ምግብ አብሳዩ አይጎድሉም።

ስምንት ሳምንት ሠርቶ ሃምሳ ሁለት ሳምንት መብላት

የስካውት ካምፕ ገበያው ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ብቻ የሚቆም ገበያ ነው። በሰኔ አጋማሽ ግድም ይከፈታል፤ ነሐሴ ላይ ይዘጋል። ቢበዛ ስምንት ሳምንት ቢሠራ፣ ከዓመቱ አሥራ አምስት በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። ጣሪያው ግን ዓመቱን በሙሉ ጣሪያ ነው። የሚሺጋን ሐይቅ እርጥበት በብርዱ ወራት በምሥራቁ ዳርቻ ላይ ከባድ በረዶ ያራግፋል። በረዶው አዳራሹን ይጫናል፤ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ውኃ ከቀረ ይሰነጥቀዋል። ድንኳኑ ታጥፎ አይጥ ከማይደርስበት መቀመጥ አለበት። ጥበቃ፣ ኢንሹራንስ፣ የመንገድ ጥገናና የፍሳሽ ጉድጓድ የልጆቹን መምጣት አይጠብቁም።

ኢኮኖሚስቶች ቋሚ ወጪ የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገሩን በምናባዊ አኃዝ ብናየው ይቀላል። አንድ ካምፕ ልጅ መጣም አልመጣ በዓመት 600 ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል። 2 ሺህ ልጆች ቢመጡ የአንዱ ድርሻ 300 ዶላር ነው። ልጆቹ በግማሽ ቢቀንሱ ድርሻው 600 ዶላር ይሆናል፤ ምግቡና የጠባቂው ደመወዝ ገና ሳይጨመር። ክፍያው ሲወደድ ሌሎች ልጆች ይቀራሉ፤ እነርሱ ሲቀሩ የቀሩት ድርሻ ይበልጥ ይከብዳል። በዚህ አዙሪት ውስጥ የገባ ካምፕ መውጫው ወይ ለጋሽ ማግኘት ነው፣ ወይ ከመሬቱ ቆርሶ መሸጥ።

የልጆቹ ቁጥር ደግሞ በእርግጥ ቀንሷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ቦይ ስካውት ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ነበሩት። በ2019 በዋና ዋናዎቹ ሁለት ፕሮግራሞች 1.97 ሚሊዮን ቀርተው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ትብብሯን አቋርጣ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ኮቪድም ተከተለ። በ2021 ቁጥሩ ወደ 762 ሺህ ወረደ። ካምፖቹ ግን የተሠሩት ለ4 ሚሊዮኑ ዘመን ነው።

ለኦዋሲፒ ሌላም ችግር አለበት፤ ከባለቤቱ ይርቃል። ከቺካጎ በመኪና የሚሺጋንን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ለመድረስ 320 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የካውንስሉ አመራር ሽያጩን ሲያቀርብ ያቀረበው ክርክር በኢኮኖሚ ትምህርት የተመረቀ ማንም ሰው የሚቀበለው ነበር። ብዙ የቺካጎ ልጅ በማይደርስበት መሬት ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሀብት ታስሮ ከሚቀመጥ፣ ተሸጦ ገንዘቡ በከተማው ውስጥ ላሉ ልጆች ቢውል ይሻላል የሚል ነው። ከንብረቱ የሚታጣው ጥቅም በየዓመቱ ሲሰላ፣ ከጣሪያ ጥገናው በእጅጉ ይበልጣል።

በሌላ ወገን የቆሙት በጎ ፈቃደኛ የስካውት መሪዎች፣ የቀድሞ የካምፑ ሠራተኞችና በልጅነታቸው እዚያ የዋሉ ሰዎች ነበሩ። በየሰፈሩ ያሉ የስካውት ቡድኖች ተወካዮች የአመራሩን የዕጩዎች ዝርዝር በድምፅ እስከ መጣል ደረሱ፤ ጠቡ እስከ ፍርድ ቤት ዘለቀ። የእነርሱ ክርክር ግማሹ ናፍቆት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ግማሹ ግን ጥሩ የንግድ ጥያቄ ነበር፤ ካምፑን ለመተካት ቢፈለግ ከቺካጎ አጠገብ እንዲህ ያለ ሐይቅ በስንት ይገዛል? መልሱ፣ በምንም ዋጋ አይገኝም የሚል ነው። አንዴ ከወጡ ተመልሶ የማይገባበት ገበያ ነው።

ዋጋውን የሠራው ደንብ

ካምፑ ያለው በአብዛኛው ብሉ ሌክ በሚባል ታውንሺፕ ውስጥ ነው። ታውንሺፕ ከእኛ ወረዳ የሚያንስ፣ የራሱ የተመረጠ ቦርድ ያለው የገጠር አስተዳደር ነው። በአካባቢው ከስካውቶቹ ሌላ ከ1966 ጀምሮ ለልጆች ሙዚቃና ሥዕል የሚያስተምር ትልቅ የጥበብ ካምፕ አለ። ዙሪያውም የመንግሥት ብሔራዊ ደን ነው። እንግዲህ አስተዳደሩ የሚኖረው በጥድና በውኃ መሀል ሲሆን፣ የመሬት አጠቃቀም ደንቡም የካምፑን ይዞታ ለደን፣ ለመዝናኛና ለተቋማት ብቻ መድቦታል።

በሚሺጋን መሬት የግል ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በላዩ ላይ ምን ይሠራበታል የሚለውን ግን የሚወስነው አስተዳደሩ ነው። ገዢው 19.4 ሚሊዮን የተስማማው ምድቡ ተለውጦ መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ይችላል በሚል ተስፋ ነበር። በአሜሪካ የሐይቅ ዳር መሬት የሚሸጠው እንደ እርሻ በስፋቱ አይደለም፤ ከውኃው ጋር በሚዋሰንበት ርዝመት ነው። አሥራ አምስት ሜትር ዳርቻ ያለው ሰው ጀልባውን ያስራል፤ ከበስተኋላ ያለው ግን በሰው ደጅ አልፎ ውኃ ያያል። ስለዚህ በኦዋሲፒ ሐይቆች ዙሪያ ያለው ቀጭን የመሬት ቀበቶ ብቻ ከሺህ ሄክታር ጥድ የበለጠ ዋጋ ሊያወጣ ይችል ነበር። የምድብ ለውጥ ማለት ይህን ቀበቶ ከቁልፍ መፍታት ነው።

ታውንሺፑ አልፈታም አለ። ካውንስሉ ከሰሰ። ደንቡ ንብረታችንን ዋጋ አሳጥቷል፣ ለመኖሪያ ቤትም ቦታ ነፍጓል የሚል ነበር ክሱ። የመስኪገን ካውንቲ ፍርድ ቤት ግን ለታውንሺፑ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናው። ካምፕ ሆኖ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መሬት፣ ካምፕ ሆኖ መቆየት ይችላል እንደ ማለት ነው። ባለሀብቱም 19.4 ሚሊዮኑን ይዞ ቀረ።

በመሬቱ ላይ ሌላ ነዋሪም አለ። ካርነር ብሉ የምትባል ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቢራቢሮ በ1992 በአሜሪካ መንግሥት ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ገብታለች። ትሏ የምትበላው አንድ ተክል ብቻ ነው፤ እርሱም በአሸዋማና ፀሐይ በሚያገኝ መሬት የሚበቅለው የዱር ግብጦ ነው። የኦዋሲፒ አካባቢ ከመኖሪያዎቿ አንዱ ነው። ጣውላ ነጋዴው ምንም አይበቅልበትም ብሎ የተወው አሸዋ ቡልዶዘር ሊነዳ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ተጨማሪ ፈቃድና ተጨማሪ ጠበቃ ማለት ሆነ።

ከፍርዱ በኋላ ለካውንስሉ የቀረው ምርጫ ካምፑን በካምፕነቱ መያዝ ነበር። በ2015 የቺካጎው ካውንስል ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ተዋሕዶ ፓዝዌይ ቱ አድቬንቸር የሚል አዲስ ስም ያዘ፤ ኦዋሲፒም ወደ እርሱ ተላለፈ። ውሕደቱ ለካምፑ የሚበጅ ነበር። የአራት ካውንስል ልጆች ሲደመሩ ቋሚ ወጪውን የሚካፈለው ይበዛልና።

አዲስ ባለመብት

ሐይቅ ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ክርክር እስከዚህ ድረስ በስካውቶች፣ በአልሚዎችና በጎረቤቶች መካከል ነበር። በየካቲት 2020 ግን የአሜሪካ ቦይ ስካውት የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ፣ በሁሉም ካምፕ ላይ አራተኛ ባለመብት መጣ። በልጅነታችን በስካውት ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉ ከ82 ሺህ በላይ ሰዎች ለካሳ ቀረቡ። በሚያዝያ 2023 ሥራ ላይ በዋለው ስምምነት 2.46 ቢሊዮን ዶላር የሚይዝ የካሳ ፈንድ ተቋቋመ። ከዚህ ውስጥ 515 ሚሊዮን ያህሉን በጥሬ ገንዘብና በንብረት የሚያዋጡት በየአካባቢው ያሉ ካውንስሎች ናቸው። ድርጅቱ ራሱ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎታል።

የካውንስል ንብረት ደግሞ ከቢሮው ወንበር አልፎ ምንድን ነው ቢባል፣ መሬት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሐይቅ ያለበት መሬት። ለዚህ ነው «ካምፓችን ይትረፍ» የሚለው ጩኸት እንደ ድሮው ንጹሕ ሆኖ ሊሰማ ያልቻለው። በዚያ ውኃ ዳር ደስ ያለው ልጅ አለ። በዚያው ድንኳን ውስጥ የተበደለና አርባ ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ልጅም አለ። የሁለተኛው ካሳ የሚከፈለው የመጀመሪያውን ትዝታ በመሸጥ ከሆነ፣ የገበያ ዋጋ የሚያስታርቃቸው ነገር የለም። ቢያንስ ግን ካምፕ የሚሸጥ ካውንስል ሁሉ ስግብግብ ነው የሚለው አነጋገር ከዚህ ወዲህ አያስኬድም።

በኮነቲከት ግዛት ኪሊንግዎርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው የዲር ሌክ ካምፕ ጉዳይ ይህን ግልጽ ያደርጋል። ዲር ሌክ ከኦዋሲፒ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ 250 ኤከር ወይም መቶ ሄክታር ያህል። ባለቤቱ ካውንስል ሊሸጠው ሲነሣ አንድ የሪል እስቴት ተጫራች ከ4.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አቀረበ። የአካባቢው ሰዎች ሐይቁ ቤት ሊሠራበት ነው ብለው ተነሡ። የግዛቱ ዋና ዓቃቤ ሕግም በጉዳዩ ገባ። በመጨረሻ ፓዝፋይንደርስ የተባለ የዚያው አካባቢ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መዋጮ አሰባስቦ በ4.75 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ይህም የሆነው በ2022 ነው። አንድ ካሬ ሜትር ከአራት ዶላር ተኩል በላይ ወጣለት፤ ከኦዋሲፒው ስምምነት በአራት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ኮነቲከት ለኒው ዮርክ ገንዘብ ቅርብ ነው፤ ሐይቅ ዳር መሬትም እዚያ ብርቅ ነው።

ሁለቱ ሐይቆች በውጤት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቤት አልተሠራባቸውም። በሒሳብ መዝገብ ግን ይለያያሉ። በኪሊንግዎርዝ ጸጥታው እንዲቆይ የፈለጉት ሰዎች ኪሳቸውን ፈትተው ሙሉ የገበያ ዋጋውን ከፍለዋል፤ ገንዘቡም ዕዳ ላለበት ካውንስል ገብቷል። በብሉ ሌክ እንዲህ ያለ ቼክ የጻፈ የለም። ጎረቤቱ ያለ ክፍያ ደኑን እያየ ይኖራል፤ ቢራቢሮዋም እንዲሁ። በደንቡ ምክንያት የቀረው 19.4 ሚሊዮን የተቀነሰው ከስካውቶቹ መዝገብ ነው። የኦዋሲፒ አዳራሽ ጣሪያ በረዶ ሲጫነው፣ የሚያሳድሰውም ቺካጎ የሚገኘው ካውንስል ነው።